ሕንጻው ያው፣ ታፔላው ሌላ፦ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለምን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ?

ሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሆሊውድ ቡሌቫርድ የሚባል ጎዳና ላይ ኢጂፕሽያን የሚባል አሮጌ ሲኒማ ቤት አለ። የጥንት ግብፅ ቤተ መቅደስ እንዲመስል ተደርጎ ነው የተሠራው። በኦክቶበር 1922 በሩን ሲከፍት የሚያንቀሳቅሰው ሲድ ግራውማን የሚባል የትርዒት ነጋዴ ነበር። ከዚያ በኋላ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖረ። በ1992 ተዘጋ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በ1996 ከተማው አሜሪካን ሲኒማቴክ ለሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በ1 ዶላር ሸጠው። አዎ፣ በአንድ ዶላር። በ2020 ደግሞ በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳየው ኩባንያ ኔትፍሊክስ ገዛው።

ሕንጻው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

በአሜሪካ ብዙ ሲኒማ ቤቶች እንዲህ ዓይነት ታሪክ አላቸው። አንድ ትልቅ የሲኒማ ኩባንያ ከሰረ ወይም ተሸጠ የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ሰው «በቃ፣ ሲኒማ አበቃለት» ይላል። ብዙ ጊዜ ያበቃለት ሲኒማው አይደለም፣ ሲኒማውን ይዞት የነበረው ድርጅት ነው። አዳራሹ ለጥቂት ወራት ይዘጋል፣ ታፔላው ይወርዳል፣ ሌላ ታፔላ ይሰቀላል። ይህ ለምን እንደሚደጋገም ለመረዳት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኳቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ባለቤቱ፣ አንቀሳቃሹ፣ አከፋፋዩ፦ ማን ማን ነው?

አንድ የጭነት መኪና አስቡ። መኪናው የአንድ ሰው ነው። ሌላ ሰው ተከራይቶ ይነዳዋል። የተጫነው ዕቃ ደግሞ የሦስተኛ ሰው ነው። መንገደኛ የሚያየው ሾፌሩን ብቻ ስለሆነ መኪናውም ዕቃውም የሾፌሩ ይመስለዋል።

ሲኒማ ቤትም እንደዚሁ ነው። ሕንጻው ወይም መሬቱ አብዛኛውን ጊዜ የአከራይ ነው። አከራዩ የገበያ ማዕከል፣ የከተማ አስተዳደር ወይም ግለሰብ ሊሆን ይችላል። ትኬት የሚቆርጠው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ፈንዲሻ የሚሸጠው አንቀሳቃሹ ነው። በር ላይ የተሰቀለው ስም የሱ ነው። ፊልሙ ደግሞ የአከፋፋዩ ነው። በአሜሪካ ትልልቆቹ አከፋፋዮች ፊልሙን የሚሠሩት ስቱዲዮዎች ራሳቸው ናቸው። አንቀሳቃሹ ፊልሙን አይገዛውም፣ ይከራየዋል።

ስሙ ራሱ ለብቻው የሚሸጥበት ጊዜም አለ። ኢጂፕሽያንን የከፈተው ግራውማን በ1927 እዚያው ጎዳና ላይ ቻይኒዝ የሚባለውን ሲኒማ ቤት ከፈተ። በ1973 ቴድ ማን የሚባል ባለሀብት ገዛውና የራሱን ስም ሰጠው። ሰው ለዓመታት «ማንስ ቻይኒዝ» ሲለው ቆየ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የግራውማን ስም ተመለሰለት። በ2013 ደግሞ ቴሌቪዥን የሚያመርተው የቻይና ኩባንያ ቲሲኤል ገንዘብ ከፍሎ ስሙን ለጠፈበት። ቲሲኤል ሲኒማ ቤቱን አልገዛውም። የገዛው በሩ ላይ የሚጻፈውን ስም ነው።

የትኬቱ ገንዘብ የት ይሄዳል?

ይቺን ካልያዝን የሚቀጥለው ታሪክ አይገባንም።

ተመልካቹ ትኬት ሲቆርጥ ገንዘቡ ሁሉ ለሲኒማ ቤቱ የሚገባ ይመስለዋል። ግማሽ ያህሉ ለፊልሙ ባለቤት ይሄዳል። ፊልሙ ትልቅ ከሆነና ገና በመጀመሪያ ሳምንቶቹ ላይ ከሆነ የስቱዲዮው ድርሻ ከፍ ይላል።

ቁጥሩን እንየው። ኤኤምሲ በአሜሪካ ትልቁ የሲኒማ ቤት ኩባንያ ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት፣ በ2019፣ ከትኬት 3.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ከዚህ ውስጥ 1.7 ቢሊዮን ገደማውን ለፊልም ከፈለ። በዚያው ዓመት ከሚበላና ከሚጠጣ ነገር ሌላ 1.7 ቢሊዮን ገደማ አገኘ። ለዕቃው ያወጣው ግን 280 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ከትኬቱ ከመቶ ብር ሃምሳ የማይሞላ ሲተርፈው ከፈንዲሻውና ከለስላሳው ከሰማንያ በላይ ይተርፈዋል ማለት ነው።

ከዚያ ላይ ኪራይ አለ። ደሞዝ አለ። መብራት አለ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ደግሞ ከባድ ዕዳ ተሸክመዋል። ጥሩ ፊልም በሌለበት ወር ሰው አይመጣም፣ ሰው ካልመጣ ፈንዲሻ አይሸጥም፣ ኪራዩ ግን ቀን ይቆጥራል። የሲኒማ አንቀሳቃሽ እንጀራ የተንጠለጠለው እሱ በማያዘው ነገር ላይ ነው። ምን ፊልም እንደሚሠራ አይወስንም። መቼ እንደሚወጣም አይወስንም። ሥራው በባህርዩ ሰው የማያበረክተው ለዚህ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የከፈቱት እነማን ነበሩ?

የሉሚዬር ወንድማማቾች በዲሴምበር 28፣ 1895 ፓሪስ ውስጥ ከአንድ ካፌ ምድር ቤት ክፍያ ላስከፈሉት ተመልካች ፊልም ሲያሳዩ፣ ሲኒማ ቤት የሚባል ሕንጻ አልነበረም። ለዓመታት ፊልም የሚታየው በድንኳን፣ በትርዒት አዳራሽና በኪራይ ክፍል ነበር።

በጁን 1905 ሃሪ ዴቪስና ጆን ሃሪስ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ አንድ ሱቅ አጸዱ፣ ወንበር ደረደሩ፣ በ5 ሳንቲም ፊልም ማሳየት ጀመሩ። ስሙን ኒክሎዲየን አሉት። ኒክል የ5 ሳንቲም ሳንቲም ነው። ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ነው የተስፋፋው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቤቶች በየከተማው ተከፈቱ።

የከፈቷቸውን ሰዎች ማወቅ ደስ ይላል። ብዙዎቹ ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች ነበሩ። አዶልፍ ዙኮር ከሃንጋሪ የመጣ፣ ከእንስሳ ፀጉራም ቆዳ የሚሠራ ልብስ ነጋዴ ነው። ዊልያም ፎክስም የሃንጋሪ ተወላጅ ነው፣ በልብስ ሥራ ነበር የሚተዳደረው። ካርል ሌምለ ከጀርመን መጥቶ በ1906 ቺካጎ ላይ ኒክሎዲየን ከፈተ። የዋርነር ወንድማማቾች ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ትንሽ አዳራሽ ሲከፍቱ ወንበር የተዋሱት ከቀብር አስፈጻሚ ነው ይባላል። ቀብር ያለ ቀን ወንበሩ ይመለሳል።

እነዚህ ስሞች የሚታወቁት በስቱዲዮ ነው። ፓራማውንት፣ ፎክስ፣ ዩኒቨርሳል፣ ዋርነር። የጀመሩት ግን ትኬት በመቁረጥ ነው። በኋላ ፊልም መሥራት የጀመሩት አዳራሻቸው ባዶ እንዳይውል ነው።

ሌላም ምክንያት ነበራቸው። በ1908 የቶማስ ኤዲሰንን ኩባንያ ጨምሮ የፈጠራ ባለመብቶች ተሰባስበው አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ማንም የሲኒማ አንቀሳቃሽ ፕሮጀክተር ስለተጠቀመ ብቻ በሳምንት 2 ዶላር እንዲከፍል አዘዘ። ሌምለና ፎክስ እምቢ ብለው ታገሉ። በ1915 ፍርድ ቤት ማኅበሩ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። አሸናፊዎቹ ግን ከተሸናፊው አንድ ነገር ተምረው ነው የወጡት፦ ፊልሙን የያዘ አዳራሹን ያዛል።

ስቱዲዮዎቹ ለምን ሲኒማ ቤት ገዙ?

የፓራማውንቱ ዙኮር ጥሩ ፊልም ነበረው። ፊልሙን ግን ለብቻው አይሰጥም። ዝነኛዋ ተዋናይት ያለችበትን ፊልም የፈለገ ሲኒማ ቤት ሌሎችንም ፊልሞች፣ ገና ያልተሠሩትን ጭምር፣ በጥቅል እንዲወስድ ያስገድደዋል። ይህን አሠራር በጥቅል ማከራየት እንበለው። ጥሩውን ሸቀጥ ለማግኘት የማይሸጠውንም አብሮ መሸከም ነው።

የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ተናደዱ። በ1917 ትልልቆቹ ተሰባስበው ፈርስት ናሽናል የሚባል የራሳቸውን አከፋፋይ ድርጅት ፈጠሩ። ቻርሊ ቻፕሊንንም በ1 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ። ዙኮር ይህን ሲያይ በ1919 ከዎል ስትሪት፣ ከኒውዮርክ የገንዘብ ገበያ፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ራሱ ሲኒማ ቤት መግዛት ጀመረ። ያኔ ሩጫው ተጀመረ። አንዱ ሲገዛ ሌላው አዳራሽ እንዳያጣ እሱም ይገዛል። የሲኒማ ቤት ሀብታሙ ማርከስ ሎው ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። አዳራሾቹን የሚመግብለት ስቱዲዮ ፈልጎ በ1924 ኤምጂኤምን አቋቋመ።

በዚህ ሁሉ መካከል አዳራሾቹ ራሳቸው ቤተ መንግሥት ሆኑ። ኒውዮርክ ላይ በ1927 የተከፈተው ሮክሲ 6 ሺህ ገደማ ወንበር ነበረው። ቺካጎ ላይ ባላባንና ካትዝ የሚባሉ ሸሪኮች በ1917 አዳራሻቸውን በማሽን ማቀዝቀዝ ጀመሩ። ከባላባን ወንድማማቾች አንዱ ባርኒ ቀድሞ በቀዝቃዛ መጋዘን ድርጅት ይሠራ ነበር። ሰው በበጋ ፊልሙ ምንም ይሁን ምን ከሙቀት ለመሸሽ ይገባ ጀመር። ባርኒ በኋላ የፓራማውንት ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ከ1936 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት።

ያ ውበት ለሁሉም እኩል አልነበረም። በተለይ በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች በጎን በር ገብተው ላይኛው ሰገነት ላይ እንዲቀመጡ ይገደዱ ነበር። ወይም ጭራሽ አይገቡም። የእነዚህ አዳራሾች ታሪክ ሲነገር ይህ መዘለል የለበትም።

በ1930ዎቹ የኢኮኖሚው ቀውስ መጣ። ስቱዲዮዎቹ ለአዳራሽ የተበደሩት ገንዘብ አንገታቸውን አነቃቸው። ፓራማውንት ራሱ በ1933 ከሰረ። ፈንዲሻ ወደ አዳራሽ የገባውም በዚሁ ጊዜ ነው። ቀድሞ ባለ ምንጣፍ አዳራሾች ይጸየፉት ነበር። ሻጮቹ ደጅ ቆመው ነበር የሚሸጡት። ገንዘብ ሲጠፋ አንቀሳቃሾቹ ከደጅ ያለውን ሻጭ ትርፍ አዩና ወደ ውስጥ አስገቡት። ብዙ ሲኒማ ቤቶችን ከመዘጋት ያዳናቸው ይህ ነው።

የ1948ቱ ፍርድ ምን ቀየረ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የኋላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው።

በ1938 የአሜሪካ መንግሥት ስምንት የፊልም ኩባንያዎችን በሞኖፖል፣ ማለትም ገበያውን ለብቻ በመቆጣጠር፣ ከሰሰ። አምስቱ፣ ማለትም ፓራማውንት፣ የሎው ኩባንያ ከነኤምጂኤም፣ ዋርነር፣ ፎክስና አርኬኦ፣ የራሳቸው ሲኒማ ቤቶች ነበሯቸው። ዩኒቨርሳል፣ ኮሎምቢያና ዩናይትድ አርቲስትስ ግን አልነበሯቸውም።

አምስቱ በ1945 በነበሩት 18,076 ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ድርሻ የነበራቸው በ3,137ቱ ነው። ከመቶ 17 አካባቢ ነው። «ይቺ ምን ሞኖፖል ናት?» ያሰኛል። ምስጢሩ ያለው የትኞቹን እንደያዙ ሲታይ ነው። ያኔ ፊልም በዙር ነበር የሚታየው። መጀመሪያ በከተማው መሃል ባሉ ውድ አዳራሾች ይወጣል። ከሳምንታት በኋላ ወደ ሰፈር ይወርዳል። ከዚያ ወደ ትንንሾቹ። ገንዘቡ ያለው መጀመሪያው ዙር ላይ ነው። ከ100 ሺህ ሰው በላይ በሚኖርባቸው 92 ከተሞች ደግሞ የመጀመሪያ ዙር አዳራሾች ቢያንስ ከመቶ 70 የሚሆኑት ከአምስቱ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። የግል ባለ አዳራሹ የሚደርሰው ሰው ሁሉ ያየው ፊልም ነው፣ እሱም በጥቅል ተጠርዞ።

በሜይ 3፣ 1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደ። በጥቅል ማከራየት ተከለከለ። ከዚያ በተከተሉት ስምምነቶች አምስቱ ስቱዲዮዎች ከሲኒማ ቤቶቻቸው እንዲለያዩ ተደረገ። ፍቺው አሥር ዓመት ያህል ፈጀ። የመጨረሻው የሎው ነበር፣ በ1959።

እዚህ ላይ ነው የአንቀሳቃሾች መቀያየር እውነተኛ ምንጩ። ከዚያ በፊት አዳራሹና ፊልሙ በአንድ ኪስ ነበሩ። አዳራሹ ቢከስር ፊልሙ ይደጉመዋል። ከፍቺው በኋላ አዳራሹ ብቻውን ቀረ። ነጻ ወጣ፣ ድጋፉንም አጣ።

ያ ሁሉ ቤተ መንግሥት የት ገባ?

ፍርዱ የመጣው በክፉ ጊዜ ነው። በ1946 በአሜሪካ በየሳምንቱ 90 ሚሊዮን ያህል ትኬት ይቆረጥ ነበር ተብሎ ይገመታል። ከዚያ ቴሌቪዥን ሳሎን ገባ። ቤተሰቡም ከመሃል ከተማ ወጥቶ ዳር ዳር ሰፈረ። 6 ሺህ ወንበር የሚሞላ ሰው ከየት ይምጣ? ሮክሲ በ1960 ፈረሰ፣ በተከፈተ በ33 ዓመቱ።

ከፓራማውንት የተለየው የሲኒማ ቤት ኩባንያ ያደረገውን ልብ በሉ። በ1953 ኤቢሲ ከሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ጋር ተዋሐደ። የአዳራሽ ትርፍ የቴሌቪዥን ጣቢያ ማሳደጊያ ሆነ።

ያልፈረሱት አዳራሾች ችግራቸው ሌላ ነው። ወለላቸው ወደ ፊት ያዘቀዝቃል። መስኮት የላቸውም። ሱቅ ወይም ቢሮ ለማድረግ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። መድረክና ብዙ ወንበር የሚፈልግ ደንበኛ ነው የሚገዛቸው። ኒውዮርክ ውስጥ የሎው ኩባንያ ከሠራቸው ትልልቅ አዳራሾች ሁለቱ ቤተ ክርስቲያን የሆኑት ለዚህ ነው፤ በ175ኛው ጎዳና ያለውና ኩዊንስ ውስጥ ያለው ቫለንሲያ።

ለጊዜው ድራይቭ ኢን የሚባለው፣ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው ሲኒማ፣ ገበያውን ያዘ። የመጀመሪያው በ1933 ኒውጀርሲ፣ ካምደን አጠገብ ተከፈተ። በ1950ዎቹ መጨረሻ 4 ሺህ ደርሶ ነበር። እሱም አልቆየም። ዳር ላይ በርካሽ የተያዘው መሬት ከተማው ሲደርስበት ተወደደ፣ ባለቤቶቹ ሸጡት።

የቆየው መፍትሔ የመጣው ከካንሳስ ሲቲ ነው። ስታንሊ ደርውድ የሲኒማ ሥራን የወረሰው ከአባቱ ነው። በ1963 በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ ሁለት አዳራሾችን ጎን ለጎን አድርጎ ከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ትኬት መቁረጫ፣ አንድ የፈንዲሻ ማሽን፣ አንድ የፕሮጀክተር ባለሙያ፣ ሁለት ፊልም። አንዱ ፊልም ባይሄድ ሌላው ይሸፍናል። ከዚያ አራት አደረጋቸው፣ ከዚያ ስድስት። ይህ ኩባንያ ነው ኤኤምሲ የሆነው። መልቲፕሌክስ የምንለውም ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አዲስ ሰው ወደ ጨዋታው ገባ፦ የገበያ ማዕከሉ አከራይ። አንቀሳቃሹ ከእንግዲህ ቤቱን አይሠራም፣ ለ15 ወይም ለ20 ዓመት ውል ፈርሞ ይከራያል። ይቺ ውል በኋላ ጉድ ታመጣለች።

የከሰረ ሲኒማ ቤት እንዴት ሥራ ይቀጥላል?

በ1995 ኤኤምሲ ዳላስ ላይ ባለ 24 ስክሪን ሲኒማ ቤት ከፈተ። ወንበሩ እንደ ስታዲየም ደረጃ ደረጃ ነው። ከፊት የተቀመጠ ሰው ጭንቅላት አይከልልም። ተመልካቹ ወደደው። ተፎካካሪዎቹ ተከተሉ። ሁሉም ተበድሮ ሠራ። በ2000 የአሜሪካ ስክሪኖች 37 ሺህ ገደማ ደረሱ።

ችግሩ አዲሱ ሲከፈት አሮጌው አለመዘጋቱ ነው። የኪራይ ውሉ ገና አሥር ዓመት ይቀረዋል። ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ሄዷል፣ አንቀሳቃሹ ግን ለሁለቱም ይከፍላል። በ2000 እና በ2001 ካርማይክ፣ ዩናይትድ አርቲስትስ ቲያተርስ (ከፊልም ኩባንያው የተለየ ነው)፣ ኤድዋርድስ፣ ጄኔራል ሲኒማ፣ ሎውስ ሲኒፕሌክስና ሪጋል ተከታትለው የኪሳራ ከለላ ጠየቁ።

የኪሳራ ከለላ ምንድን ነው? ኩባንያው ፍርድ ቤት ሄዶ «ዕዳዬን እስካስተካክል አበዳሪዎቼ ይታገሡኝ» የሚልበት ሕጋዊ መንገድ ነው። በዚህ ጊዜ ሥራው ይቀጥላል። በሩ ክፍት ነው፣ ፊልም ይታያል። ለሲኒማ ቤቶች ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ ኩባንያው የማያዋጣውን የኪራይ ውል ማፍረስ ይችላል። አክሳሪዎቹን አዳራሾች ይጥላል፣ አትራፊዎቹን ይዞ ይወጣል።

የተጣለው አዳራሽ ቁልፍ ወደ አከራዩ ይመለሳል። አከራዩ አዲስ ተከራይ ይፈልጋል። ኪራዩን ቀነስ አድርጎ ለሌላ አንቀሳቃሽ ይሰጠዋል። በዚህ ዋጋ ሥራው ያዋጣል። ታፔላው ተቀየረ ማለት ይህ ነው። ለሰፈሩ ሰው «ተዘግቶ የነበረው ተከፈተ» ነው። ከጀርባው የሆነው ኪራዩ ረከሰ ነው።

ከላይ ደግሞ ትልቅ ዓሣ ይጠብቃል። ፊሊፕ አንሹትዝ የሚባሉ ቢሊየነር የእነዚህን ኩባንያዎች ዕዳ በርካሽ ሰበሰቡ። በ2002 ሪጋልን፣ ዩናይትድ አርቲስትስንና ኤድዋርድስን በአንድ ጣሪያ ሥር አዋሐዱ።

የሎውስን፣ ማለትም የማርከስ ሎውን ኩባንያ፣ ጉዞ ብቻ ብናይ ታሪኩ ይጠቃለላል። ኤምጂኤምን የወለደ የሲኒማ ቤት ኩባንያ ነው። በ1959 በፍርድ ከልጁ ተለየ። በ1986 ትራይስታር የሚባል ስቱዲዮ ገዛው። መንግሥት በዚያን ዘመን ነገሩን ላላ አድርጎ ነበር የሚያየው። በ1989 ስቱዲዮው ለጃፓኑ ሶኒ ሲሸጥ አዳራሾቹም አብረው ሄዱ። በ1998 ከካናዳው ሲኒፕሌክስ ኦዲዮን ጋር ተዋሐደ። በ2001 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። በ2006 ኤኤምሲ ዋጠው።

ከዚያ በኋላስ?

ነገሩ ፈጠነ። በ2012 ዋንዳ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ኤኤምሲን በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2018 የእንግሊዙ ሲኒወርልድ ሪጋልን በ3.6 ቢሊዮን ዶላር ወሰደ፣ ይኸውም በከባድ ብድር ነው። በማርች 2020 ወረርሽኙ አዳራሾቹን ሁሉ ዘጋ። ገቢው ቆመ፣ ኪራዩና ወለዱ አልቆመም። ዋንዳ በ2021 ከኤኤምሲ ወጣ። ሲኒወርልድ በሴፕቴምበር 2022 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ፣ በ2023 ከአበዳሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ወጣ። ኩባንያው በአበዳሪዎቹ እጅ ገባ።

በትንንሽ ከተሞች ያለው ፈተና ቀድሞ ነው የመጣው። ከ2013 ገደማ ጀምሮ ስቱዲዮዎቹ ፊልም በሴሉሎይድ፣ በሚጠቀለለው የፕላስቲክ ሪባን፣ መላክ አቆሙ። ለእነሱ ትልቅ ቁጠባ ነው፣ አንድ ኮፒ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። ለአንቀሳቃሹ ግን አዲሱ ዲጂታል ፕሮጀክተር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ትልልቆቹ ከስቱዲዮዎቹ ድጎማ አገኙ። አንድ አዳራሽ ብቻ ያለው ሰው ከየት ያምጣ? ብዙ ቦታ የከተማው ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ማሽን ገዛ። ሲኒማ ቤቱም ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆነ። ባልና ሚስት ሲያስተዳድሩት የነበረውን አዳራሽ በጎ ፈቃደኞች ትኬት እየቆረጡ የሚያሠሩበት ከተማ ጥቂት አይደለም። ከዚህ ሁሉ የገንዘብ ዝውውር ውስጥ ልቤን የሚነካው ይሄ ነው።

በኦገስት 2020 ደግሞ አንድ ፌዴራል ዳኛ የ1948ቱ ፍርድ ያስከተላቸው ስምምነቶች እንዲቀሩ ወሰኑ። ዘመኑ ተለውጧል፣ ፊልም የሚታይበት መንገድ በዝቷል የሚል ነው ምክንያቱ። ስቱዲዮ ሲኒማ ቤት መግዛቱ እንደገና ቀላል ሆነ። በጁን 2024 ሶኒ አላሞ ድራፍትሃውስ የሚባለውን፣ ምግብ ወንበር ድረስ የሚያመጣውን የሲኒማ ሰንሰለት ገዛ። ይህን ከሎውስ ጋር አያይዛችሁ ካያችሁት ሶኒ አዳራሽ ሲይዝ ሁለተኛው ነው።

ስሙ ሲቀየር ለተመልካቹ ምን ይቀየራል?

አንዳንዴ ምንም። ፊልሙ ያው ነው፣ ምክንያቱም የሚመጣው ከዚያው ከአከፋፋዩ ነው። የቅናሽ ካርዱ ላይሠራ ይችላል። የፈንዲሻው ዋጋ ይለወጥ ይሆናል። ለሠራተኛው ግን ብዙ ይቀየራል። የቀድሞው አንቀሳቃሽ ሲወጣ አዲሱ ነባሩን ሠራተኛ ሁሉ ላይወስድ ይችላል።

ትልቁ ልዩነት ያለው አንቀሳቃሹ ምን ዓይነት ድርጅት ነው በሚለው ላይ ነው። ትልቅ ሰንሰለት ከሆነ የፊልሙ ምርጫ የሚወሰነው ርቆ ከተቀመጠ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ የቆዩ ፊልሞችን፣ ትልልቆቹ የማያሳዩዋቸውን ሥራዎች የማየት ዕድሉ ይሰፋል። የፊልም ኩባንያ ከያዘው ደግሞ የራሱን ፊልም ያስቀድማል። እዚያው ሆሊውድ ቡሌቫርድ ላይ ያለውን ኤል ካፒታንን ዲዝኒ በ1991 አድሶ ካስከፈተው ጀምሮ በዋናነት የሚታይበት የዲዝኒ ፊልም ነው።

ኢጂፕሽያን ዛሬ ሁለቱንም ሆኗል። ኔትፍሊክስ ካሳደሰው በኋላ በኖቬምበር 2023 ተከፈተ። ሕንጻው የኔትፍሊክስ ነው። በሥራ ቀናት ኔትፍሊክስ ለራሱ ዝግጅቶች ይጠቀምበታል። ከዓርብ እስከ እሑድ ግን ያ በ1 ዶላር ገዝቶት የነበረው አሜሪካን ሲኒማቴክ የራሱን ፊልሞች መርጦ ያሳይበታል።